ዥዋዥዌው እና ጎራዴው፦ ጌጥ ፖለቲካ የማውራት ዕዳ አለበት?

ሠዓሊ ወዳጅ አለችኝ። አበባ ትስላለች። አበባ ብቻም አይደለም፤ ጀበና፣ ረከቦት፣ ቀጤማ የተጎዘጎዘበት ወለል፣ መስኮት ላይ ፀሐይ የምትሞቅ ድመት ትስላለች። ሥራዎቿ ያምራሉ፤ ይሸጣሉም። ካፌ ግድግዳ ላይ፣ የአዲስ ተጋቢዎች ሳሎን ውስጥ ይሰቀላሉ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከጓደኞቿ ጋር ባዘጋጀችው አነስተኛ ዐውደ ርእይ ላይ አንድ ጎልማሳ ጎብኚ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ካየ በኋላ ጠጋ አላትና «እኅቴ፣ አገር እንዲህ ሆና አበባ መሳል አያሳፍርሽም?» ሲል ጠየቃት።

አልመለሰችለትም። ማታ ስንገናኝ ግን ማኪያቶዋን ከሚገባው በላይ እያማሰለች «ልክ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ መልሱን ከማላውቅበት ሜዳ ትንሽ ወደማውቅበት ሸሸሁ፤ ወደ ታሪክ። (ከእውነታ መሸሽ የሠዓሊ ብቻ ዓመል አይደለም።) ይህ ጽሑፍ የዚያ ሽሽት ውጤት ነው። «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልኝ።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ዓይን ለማስደሰት፣ ቤት ለማስጌጥ፣ ልብ ለማሳረፍ የተሠራ ጥበብ ስለ ጦርነት፣ ስለ ረሃብ፣ ስለ ግፍ እንዲናገር ይገደዳል ወይ? አንዱ ወገን «ዝም ያለ ጌጥ የገዢው ተባባሪ ነው» ይላል። ሌላው ወገን «ጌጥ ፖለቲካ ማውራት ሲጀምር ጌጥም ፖለቲካም ሳይሆን ይቀራል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች ታሪክን ምስክር ይጠራሉ። እኛም ምስክሮቹን ተራ በተራ እንስማቸው።

የተወረወረው ጫማ

ክርክሩ በደንብ የጦፈው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ነው። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ከ72 ዓመት ንግሥና በኋላ በ1715 ሲሞት መኳንንቱ ከቬርሳይ ጠበቅ ያለ ሥርዓት ተነፈሱ። ብዙዎቹ ወደ ፓሪስ ቤቶቻቸው ተመለሱ። የከተማ ቤት ከቤተ መንግሥት አዳራሽ ያንሳል፤ ያነሰ ክፍል ደግሞ የሚያስፈራ የጦር ሜዳ ሥዕል አይፈልግም። የፈለጉት ፈዘዝ ያለ ሮዝና ሰማያዊ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘ ወርቅ ቅብ፣ መስታወትና ሻማ ነበር። በኋላ የመጡ ሰዎች ይህን ስልት ለማሾፍ «ሮኮኮ» አሉት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

የሥዕሉ መንገድ ጠራጊ አንቷን ቫቶ ነው። በ1717 ለንጉሡ የሥዕል አካዳሚ ያቀረበው ሥራ ወደ ፍቅር ደሴት የሚጓዙ ጥንዶችን ያሳያል። ከእርሱ ቀጥሎ ፍራንሷ ቡሼ መጣ፤ የሉዊ 15ኛ ወዳጅ የነበረችው ማዳም ደ ፖምፓዱር የምትወደው ሠዓሊ። ቡሼ ያልነካው ነገር የለም። ሥዕል ሣለ፤ ለግድግዳ ምንጣፍ፣ ለሸክላ ዕቃ፣ ለቲያትር መድረክ ንድፍ ሠራ። በእርሱ ዓለም እረኞች እግራቸው አይቆሽሽም፤ በጎችም ታጥበው የሚወጡ ይመስላሉ። ሠዓሊው ይህን ሲሠራ ከ1756 እስከ 1763 በዘለቀው የሰባት ዓመት ጦርነት ፈረንሳይ ካናዳን አጣች፤ የመንግሥት ዕዳ ተቆለለ። በቡሼ ሰማይ ላይ ግን አንዲት ጥቁር ደመና አትታይም።

ቁጣው ከዚያ መጣ። የኢንሳይክሎፔዲያው አዘጋጅ ዴኒ ዲድሮ ስለ ፓሪስ ዐውደ ርእዮች በጻፋቸው ሂሶች ቡሼን አላሳረፈውም። ችሎታውን አልካደም፤ ጎደለው ያለው እውነት ነው። ዲድሮ ሥዕል ሰውን እንዲያርም፣ እንዲያስለቅስ፣ ለበጎ ነገር እንዲያነሳሳ ይፈልግ ነበር። የዛሬው ዐውደ ርእይ ጎልማሳችን የዲድሮ የልጅ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቡሼ ተማሪ የነበረው ዣን ኦኖሬ ፍራጎናር ደግሞ ይበልጥ የሚገርም ታሪክ አለው። ይህ ሰው የጀመረው በቁም ነገር ነበር። በ1765 ራሱን ለሚወዳት ሴት መሥዋዕት የሚያደርግ የጥንት ካህን የሚያሳይ ትልቅ ሸራ ለሕዝብ አቀረበ። ተደነቀ፤ ለንጉሡም ተገዛ። ሁሉም «ታላቁ የታሪክ ሠዓሊ መጣ» ሲል እርሱ ግን መንገዱን ቀየረ። ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ «ዥዋዥዌ» የተባለውን ሥዕል ሠራ። ያዘዘው አንድ የቤተ መንግሥት ሰው ነው። ሰውየው መጀመሪያ ሥራውን ዷየን ለተባለ ሌላ ሠዓሊ አቅርቦ ነበር ይባላል። ፍቅረኛውን ዥዋዥዌ ላይ አስቀምጦ፣ ገመዱን ጳጳስ እንዲገፋ አድርጎ፣ እርሱን ከሥር ሆኖ ቀና ብሎ ሲያይ እንዲስለው ጠየቀ፤ ዷየን ደነገጠና ትእዛዙን ለፍራጎናር አሳለፈ። ፍራጎናር ጳጳሱን ትቶ በምትኩ ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ሽማግሌ ሳለ። ሴቲቱ ሮዝ ቀሚሷ እንደ አበባ ተበትኖ በአየር ላይ አለች፤ አንድ ጫማዋ ከእግሯ አምልጦ ይበራል። ዛሬ ለንደን በዋላስ ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

ይህ ሥዕል ከተሠራ ስምንት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1775 የጸደይ ወራት፣ በፓሪስ ዙሪያ የዳቦ ዋጋ ንሮ ሕዝቡ ተነሣ፤ የታሪክ መጻሕፍት «የዱቄት ጦርነት» ይሉታል። ጫማ በአየር ላይ፣ ዱቄት በመንገድ ላይ። ከዚህ የተሻለ የክስ ማስረጃ ዐቃቤ ሕግ ከየት ያገኛል?

ንጉሡ የከፈለበት አብዮት

መከላከያም አለ። ቁም ነገረኛ የሚባለውን ሠዓሊ እንይ። ዣክ ልዊ ዳቪድ ከቡሼ ጋር የሩቅ ዝምድና አለው፤ ቡሼ ራሱ ነው ወጣቱን ወደ ቪየን የላከው። ቪየን የጥንቷን ሮም ቀጥ ያለ መስመር የሚወድ መምህር ነበር። ዳቪድ በ1784 ሮም ተቀምጦ «የሆራቲዎች መሐላ» የተባለውን ሥዕል ሠራ፤ በዓመቱ ፓሪስ ላይ ታየ። ሦስት ወንድማማቾች ለአገራቸው ለመሞት እጃቸውን ዘርግተው ይምላሉ፤ አባታቸው ጎራዴዎቹን ከፍ አድርጎ ይዟል፤ ሴቶቹ በአንድ ጥግ ያለቅሳሉ። አበባ የለም። ዥዋዥዌ የለም። ዲድሮ ሲመኘው የኖረው ጥበብ ነው።

ታዲያ ማን ከፈለ? ንጉሡ! ሥዕሉ የታዘዘው በንጉሡ የሕንፃና የጥበብ አስተዳደር በኩል ነው። ቤተ መንግሥቱም ቀድሞ ከሮኮኮ ሰልችቶ ነበር። የሉዊ 15ኛ የመጨረሻ ወዳጅ ማዳም ዱ ባሪ ለአዲሱ የመዝናኛ ቤቷ ፍራጎናርን የፍቅር ታሪክ የሚተርኩ ትልልቅ ሸራዎች አሠርታ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ግን መለሰችበት፤ ቦታውንም ለዚያው ለቪየን ሰጠች። እነዚያ የተመለሱ ሸራዎች ዛሬ ኒው ዮርክ በፍሪክ ስብስብ ውስጥ ናቸው። እንግዲህ «ቁም ነገር» ራሱ በወቅቱ የፋሽን ለውጥ ነበር፤ ከሕዝብ አደባባይ ሳይሆን ከላይ የመጣ።

በ1789 አብዮቱ ሲፈነዳ ዳቪድ ብሩሹን ለአብዮቱ ሰጠ። ብሩሹን ብቻ ቢሰጥ መልካም ነበር። የብሔራዊ ጉባኤ አባል ሆኖ በንጉሡ ላይ የሞት ድምፅ ሰጠ፤ የጸጥታ ኮሚቴ አባል ሆኖ የእስር ማዘዣዎች ላይ ፈረመ። በ1793 በመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ የተገደለውን ጋዜጠኛ ማራን እንደ ሰማዕት አድርጎ ሳለው። እስከ ዛሬ ከተሠሩ የፖለቲካ ሥዕሎች ሁሉ ከላይኞቹ ተርታ የሚሰለፍ ሥራ ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። ሮቤስፒዬር በ1794 ሲወድቅ ዳቪድ ታሰረ። ከእስር ወጣ። ከዚያስ? የናፖሊዮን ቀዳሚ ሠዓሊ ሆነ፤ የሪፐብሊክን መሐላ የሳለው እጅ የንጉሠ ነገሥቱን የዘውድ ሥነ ሥርዓት ሳለ። ናፖሊዮን ሲወድቅ ተሰደደ፤ በ1825 ብራስልስ ላይ ሞተ።

ፍራጎናርስ? ደንበኞቹ ተሰደዱ፤ ዱ ባሪ በታኅሣሥ 1793 ጊሎቲን ላይ ወጣች። እርሱ ያልተፈለጉ ሸራዎቹን ጠቅልሎ ወደ ትውልድ ከተማው ግራስ ሄዶ በዘመዱ ቤት ሰቀላቸው። ወደ ፓሪስ ሲመለስ በአዲሱ የሉቭር ሙዚየም ሥራ እንዲያገኝ የረዳው ሌላ ሳይሆን ዳቪድ ነው። ጎራዴው ዥዋዥዌውን ደገፈው! በ1806 ሲሞት ግን ብዙ ሰው ረስቶት ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር አለ። የፖለቲካ ርእሰ ጉዳይ ሠዓሊን ከአድርባይነት አያድንም። ፍራጎናር ለአንድ መደብ ሠርቶ ከመደቡ ጋር ደበዘዘ። ዳቪድ ለሦስት መንግሥታት ሠራ፤ ለሦስቱም በቁም ነገር። የትኛው ይበልጥ «ሸሸ» ብዬ ብጠየቅ ለመመለስ እቸገራለሁ።

ግን ለከሳሹም ፍትሕ ይሰጠው። ዥዋዥዌው ላይ ያለውን ሽማግሌ ድጋሚ እንየው። ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ገመዱን የሚስበው እርሱ ነው፤ ሴቲቱ የምትበረው በእርሱ ጉልበት ነው፤ ከቁጥቋጦው ውስጥ ማን እንዳለ ግን አያውቅም። ፍራጎናር የፖለቲካ ትችት ለመሳል እንዳልተነሳ እርግጥ ነው። ሆኖም አንዱ ሲገፋ ሌላው የሚበርበትን ያን ሥርዓት ከዚህ ሸራ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ ብዙ መጽሐፍ አላነበብኩም። ጌጥ ምንም አልናገርም ሲል እንኳ ያዘዘውን ሰው ያጋልጣል።

ፀጉር ላይ የተሰካ ጥያቄ

አሁን ባሕሩን ተሻግረን እንግሊዝ እንግባ። በ1787 ለንደን ውስጥ የባሪያ ንግድን ለማስቀረት ማኅበር ተመሠረተ። ከደጋፊዎቹ አንዱ ጆሳያ ዌጅውድ ነበር። ዌጅውድ አብዮተኛ አይደለም፤ የሻይ ዕቃ ነጋዴ ነው። ሀብታም የሆነው ለንግሥቲቱና ለመካከለኛው መደብ ሳህን፣ ስኒና የአበባ ማስቀመጫ በመሥራት ነው። የምቾት ነጋዴ ማለት እርሱ ነው።

በዚያው ዓመት ፋብሪካው አንዲት ትንሽ የሸክላ ሜዳልያ አወጣ። በላይዋ በሰንሰለት የታሰረ አፍሪካዊ ተንበርክኮ እጁን አጣምሯል፤ ዙሪያውን እርሱ ሰውና ወንድም አይደለም ወይ ብሎ የሚጠይቅ አጭር ጽሑፍ አለ። ዌጅውድ በብዛት አስመርቶ አከፋፈላት፤ አሜሪካ ላለው ለቤንጃሚን ፍራንክሊንም ላከ። ወንዶች የሱረት መያዣ ክዳናቸው ላይ አስለበጧት። ሴቶች የእጅ አምባር አደረጓት፤ የፀጉር ማስያዣም አደረጓት። ልብ በሉ፤ እነዚያ ሴቶች የመምረጥ መብት አልነበራቸውም። ፓርላማ መግባት፣ አደባባይ ወጥቶ መናገር ለእነርሱ የተዘጋ ነበር። ጌጥ ማድረግን ግን ማን ይከለክላቸዋል? ስለዚህ ክርክሩን ወደ እራት ግብዣው ይዘውት ገቡ። ከ1791 ጀምሮ ብዙ ቤተሰቦች በባሪያ ጉልበት የተመረተ ስኳር መግዛት አቆሙ። የባሪያ ንግዱ በ1807 በሕግ ተከለከለ፤ ባርነቱ ራሱ እንዲቀር የሚያዘው ሕግ በ1833 ወጣ። ሜዳልያዋ ብቻዋን አላመጣችውም፤ ከሥራዋ ግን ድርሻዋን የሚነጥቃት የለም።

እንከኗን ዝም ማለት ደግሞ አይገባም። ያ ሰው ተንበርክኳል። ይለምናል። ለእንግሊዝ ሳሎን እንዲስማማ መንበርከክ ነበረበት። ሜዳልያዋ ከወጣች ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1791፣ የዛሬዋ ሃይቲ ባሪያዎች ተንበርክከው ሳይሆን ቆመው፣ ሜንጫና እሳት ይዘው ተነሡ። እርሱን በፀጉሯ የሰካ እመቤት ስለ መኖሯ አልሰማሁም። ጌጥ ፖለቲካ ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ባለቤቱን ሳያስቀይም መናገር ይቀናዋል፤ ጥንካሬውም ድክመቱም ይኸው ነው።

ቀሚስ ላይ የወጣ ትራክተር

«ጌጥ ሁሉ ለፖለቲካ ይዋል» የሚለውን ሐሳብ እስከ ጥግ የወሰዱት ሩሲያውያን ናቸው። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ በፔትሮግራድ የንጉሣዊው የሸክላ ፋብሪካ በመንግሥት እጅ ገባ። መጋዘኑ ውስጥ ገና ቅብ ያልነካቸው ነጫጭ ሳህኖች ተከምረው ነበር፤ ጀርባቸው ላይ የዛሩ ምልክት አለ። እነ ሰርጌይ ቼኾኒን ምልክቱን በቀለም ሸፍነው ፊቱን በመዶሻና ማጭድ፣ በቀይ ኮከብ፣ በመፈክር አስጌጡት። ሳህኖቹ ድንቅ ናቸው። ችግሩ ሠራተኛው ሊገዛቸው አለመቻሉ ነበር። ብዙዎቹ ወደ ውጭ ተልከው ለውጭ ምንዛሪ ተሸጡ፤ የካፒታሊስቱ ቤት መደርደሪያ በሶሻሊስት ሳህን አጌጠ።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ተራው የጨርቅ ሆነ። ወጣት ንድፍ አውጪዎች አበባን «የቡርዧ ቅሪት» ብለው ዘመቱበት። በምትኩ ትራክተር፣ አውሮፕላን፣ የፋብሪካ ጭስ ማውጫና አምፖል የታተመበት ጨርቅ ተመረተ። ንድፎቹን ዛሬ በሙዚየም ሲያዩአቸው ያምራሉ። ቀሚስ ሆኖ የሚለብሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ትራክተር ስትነዳ ውላ የመጣች ሴት ነበረች። እስቲ አስቡት! በመጨረሻ በ1933 የፓርቲው ልሳን ፕራቭዳ ራሱ፣ ሰው ከፊቱ ትራክተር ከኋላው ኮምባይነር አዝሎ እንዲሄድ ተደረገ ብሎ አላገጠበት፤ ዘመቻውም ከሰመ። አበባዎቹ ወደ ቀሚሱ ተመለሱ። ይህ ለአበባ ድል ነው ብዬ እንዳላጨበጭብ የሚከለክለኝ አንድ ነገር አለ፤ ያ ዓመት፣ 1933፣ በዩክሬን ሚሊዮኖች በረሃብ ያለቁበት ነው። ትራክተሩም አበባውም ስለዚያ ምንም አላሉም።

ቅስቱ እና ረሃቡ

ይህን ስጽፍ አእምሮዬ ወደ ቤት ተመለሰ። በ1977 ዓ.ም. መስከረም አዲስ አበባ ያልተጌጠችበት ጊዜ አልነበረም። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ነበር፤ ኢሠፓም የተመሠረተው በዚያው ሰሞን ነው። በየመንገዱ ቅስት ቆመ፤ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ግዙፍ ምስሎች ተሰቀሉ፤ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ የተሠራው የትግላችን ሐውልት ተመረቀ። ጌጡ በሙሉ ፖለቲካ ነበር። ጭቁኑ፣ ሰፊው ሕዝብ፣ ትግሉ፣ ሁሉም በሥዕል አለ። በዚያው ወራት በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሃብ ይረግፍ ነበር፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ በጥቅምት የቢቢሲ ቴሌቪዥን ምስሎች ዓለምን አስደነገጡ።

ጎልማሳው ጎብኚያችን ይህን ዘመን ሳያስታውስ አይቀርም። በዚያ መስከረም ከእውነታ የሸሸው የትኛው ሥዕል ነው? ሳሎን የተሰቀለ የጽጌረዳ ሥዕል ነው ወይስ ጡንቻው የተወጠረው ሠራተኛ በቅስቱ ላይ? ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው። መፈክር የተጻፈበት ጌጥ ከማንኛውም አበባ ይበልጥ ሊያደነዝዝ ይችላል፤ ምክንያቱም አበባው «እኔ እውነት ነኝ» አይልም።

ይህ ማለት ግን በአገራችን ጌጥና ፖለቲካ ተስማምተው አያውቁም ማለት አይደለም። ሳሎን ውስጥ የሚሰቀለውን የዐድዋ ሥዕል አስቡ፤ ቱሪስቱም እኛም እንገዛዋለን። ከላይ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ በአንድ ወገን ምኒልክና ጣይቱ፣ በሌላው ጣሊያኖች። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ በጎን በአንድ ዓይኑ ይሳላል፤ የዐድዋ ሠዓሊዎችም ጠላትን በዚያው ሕግ ሳሉት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነው ነገር ጌጥ ሆኖ ሳለ አልቀለለም። የአፈወርቅ ተክሌም የአፍሪካ አዳራሽ መስኮት አለ። ወደ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል የሚተርክ ባለቀለም መስታወት ነው። በ1963 የአፍሪካ መሪዎች ድርጅታቸውን የመሠረቱት በዚያ አዳራሽ ነው። መስታወት ሥራው ብርሃን ማሳመር ነው። ይህ መስታወት ግን ብርሃኑን እያሳመረ ነጻነትን ተናገረ።

ጆንያ ላይ የተሰፋች ፀሐይ

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው ምስክር ግን ከቺሊ ነው። በመስከረም 1973 ጄኔራል ፒኖቼት ሥልጣን ከያዘ በኋላ ብዙ ሰዎች ከቤታቸው ተወስደው ጠፉ። እናቶችና ሚስቶች በየእስር ቤቱ ሲንከራተቱ ተዋወቁ። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ተሰብስበው መስፋት ጀመሩ፤ ጆንያ ላይ ብጣሽ ጨርቅ እየለጠፉ ሥዕል ሠሩ። አንዳንዶቹ የጠፋው ልጃቸው ሸሚዝ ብጣሽ ነበሩ። ከሩቅ ስታዩአቸው የልጆች መጽሐፍ ይመስላሉ፤ የአንዲስ ተራራ፣ ቢጫ ፀሐይ፣ ትንንሽ ቤቶች። ጠጋ ስትሉ ፖሊስ አለ፤ የታሸገ ፋብሪካ አለ፤ የልጇን ፎቶ የያዘች እናት አለች። ወታደሩ መጀመሪያ ላይ የሴት እጅ ሥራ ብሎ ንቆት ነበር። ሥራዎቹ በድብቅ ከአገር ወጥተው በውጭ ተሸጡ፤ ዓለምም አወቀ። አምባገነኑ የገባው ዘግይቶ ነው።

እነዚህ ሴቶች ፖለቲካውን ሰፉት እንጂ ማንም አላዘዛቸውም። ፀሐይዋንም አልተዉም። ፀሐይዋ ለማስመሰል ብቻ አልነበረችም፤ መኖር እንዲችሉ ያስፈልጋቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስል ማቲስ ይመጣብኛል። ሄንሪ ማቲስ በ1908 በጻፈው ጽሑፍ፣ የደከመውን ሰው እንደ ጥሩ ወንበር የሚያሳርፍ ጥበብ እንደሚመኝ ተናግሮ ነበር። ስለዚህ ቃሉ ብዙ ተወቅሷል። በ1944፣ ፈረንሳይ በናዚ እጅ ሳለች፣ ሚስቱና ልጁ ማርገሪት ለተቃውሞው ትግል ሲሠሩ ተይዘው ታሰሩ፤ ማርገሪት በጌስታፖ ተሠቃየች። አዛውንቱ በበሽታ ተዳክሞ በደቡብ ፈረንሳይ ተቀምጦ ነበር፤ በእነዚያ የጦርነት ዓመታት የሚሠራው ባለቀለም ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ የሰርከስ ምስል፣ ቅጠልና ዓሣ ነበር። ሸሸ እንበል? በአንድ ቤት ውስጥ አንዷ መልእክት አመላላሽ፣ ሌላው ወረቀት ቆራጭ ሆኑ። ልጁን የሚያህል ጀግንነት ከመቀሱ አልጠብቅም። ወረቀቶቹ ባይኖሩ ግን ያ ዘመን በእጃችን ላይ የተወው ጨለማ ብቻ በሆነ ነበር።

ታዲያስ?

ምስክሮቹን ሰምቻለሁና የራሴን ልበል። «ጌጥ ስለ ፖለቲካ መናገር ይችላል?» ከሆነ ጥያቄው፣ ሜዳልያዋና ጆንያው መልሰውታል፤ ይችላል፤ አንዳንዴም መፈክር በማይገባበት በር ይገባል። «መናገር አለበት?» ከሆነ ግን አይደለም። አለበት የሚለው ቃል በተነገረበት አገር ሁሉ ቀጥሎ የመጣው የትራክተር ቀሚስና የድል ቅስት ነው። ማዘዝ የለመደ አፍ ነገ አበባውን ደግሞ ያዝዛል።

ጎልማሳው ጎብኚ ግን ሞኝ አልነበረም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተዋጋች፣ ከዚያም ያላረፈች አገር ውስጥ ሆኖ ሰው ግድግዳ ላይ ጽጌረዳ ሲያይ መቆጨቱ ያለ ነው። ጥያቄውን ግን ወደ ሠዓሊዋ ከመወርወሩ በፊት ወደ ራሱ ቢያዞረው እወድ ነበር። ቤቱ ውስጥ ምን ተሰቅሏል? ከጽጌረዳው ሥር ተቀምጦ ምን ያወራል፣ ምን ብሎስ ዝም ይላል? ፍራጎናር ዳቦ ስላልሳለ የፓሪስ ድሃ አልተራበም፤ የተራበው ሥዕሉን ያዘዙት ሰዎች ከመስኮት ውጭ ስላላዩ ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለወዳጄ ላክሁላት። በማግስቱ ደወለች።

«አነበብኩት» አለች። «ረዝሟል።»

«ሌላስ?»

«ለመሆኑ፣ ዶላሩ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ቱቦ ቀይ ቀለም ስንት እንደገባ ታውቃለህ? አበባዎቼ ለምን እንዳነሱ አላስተዋልክም?»

እውነቷን ነው፤ አላስተዋልኩም ነበር።